ማን ቀረ? የውጫሌው ሰርቨርና የሁለት ቀን መንገዴ

ረቡዕ ጠዋት፣ ሐይቅ

ከቤት ስወጣ እናቴ አልመረቀችኝም። ሁልጊዜ ትመርቀኛለች። የዛን ቀን ግን ፌስታሉን እጄ ላይ አስቀምጣ «ዓሣው እንዳይሸት መስኮት ጋ ተቀመጪ» ብላኝ ገባች። ስትፈራ እንዲህ ናት፤ ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። ፌስታሉ ውስጥ አምስት የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አለ፣ ለአክስቴ ለፋጡማ። ጀርባዬ ላይ ባለው ቦርሳ ደግሞ ላፕቶፔ፣ ሁለት ፍላሽ፣ የኔትወርክ ገመድና ብሎን መፍቻ አሉ።

የምሄደው ውጫሌ ነው። በደህናው ጊዜ ከሐይቅ አንድ ሰዓት አይሞላም። ያን ሰሞን ግን ደህና ጊዜ አልነበረም። ከወደ ሰሜን ተኩስ እንደገና ተጀምሯል ይባል ነበር፣ እኛ ደግሞ የጦርነቱን የመጀመሪያ ዙር ገና አልረሳንም።

ያስነሳኝ የብርቄ ስልክ ነው። ብርቄ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ማክሰኞ ከሰዓት ደውላ የሕሙማኑ መዝገብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ባዶ ሆኖ እየተከፈተ ነው አለችኝ። የጤና ጣቢያው የወረቀት ካርድ በመጀመሪያው ዙር ተማግዶ ስላለቀ ከዛ ወዲህ ያለው መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የዘረጋው የሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር አስተማሪዬ ነበር። ቫይረስ አይነካውም ብሎ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነበት፣ እኔን ገመድ አስጎተተኝ፣ እያስጎተተም አስተማረኝ። መምህሩ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ስልኩ ከተዘጋ ከርሟል። ስለዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ያልገባች፣ ሐይቅ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ የምትጠግን ልጅ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመድኃኒት መኪና ከደሴ ይመጣል። ለስኳር ሕሙማን ኢንሱሊን የሚሰጠው ከኮምፒውተሩ ታትሞ ማኅተም በተመታበት ዝርዝር ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ላይ የሞተ ሰው ስም ስለተገኘ የእጅ ጽሑፍ አይቀበሉም። ዝርዝር ከሌለ መድኃኒቱን እንደያዙ ይመለሳሉ። መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ዳግም መቼ እንደሚመጡ አላህ ነው የሚያውቀው።

አክስቴ ፋጡማ ዝርዝሩ ላይ ካሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች አንዷ ናት። በመጀመሪያው ዙር መድኃኒት ሲጠፋ እያጋመሰች ስትወጋ ከርማ ከግራ እግሯ ሁለት ጣት ተቆረጠ። አሁን ብልቃጧ ውስጥ የቀረው የአምስት ቀን ነው። እንግዲህ የሄድኩት ለዚህ ነው። ለኮምፒውተሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወላሂ አልወጣም ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ አንድ መቶ ሃምሳ ብር ጠየቀኝ። ውድ ነው ብል ረዳቱ «ወደዛ የሚሄድ ሰው ቢገኝ እኛም በነፃ እንወስድ ነበር፣ ነዳጁ ነው እንጂ» አለኝ። ሰባት ሰው ሆነን ተነሳን። ሐይቁ በስተቀኝ ጭጋግ ለብሶ ተኝቷል፤ ታንኳዎቹ ዳር ላይ ተደፍተዋል፣ ያን ጠዋት ለዓሣ የወጣ ሰው አላየሁም። ማሽላው ወገብ ደርሷል። በስተግራ የአምባሰል ተራራ ግማሹ ደመና ውስጥ ነው።

ከፊት የሚመጡት መኪኖች ሙሉ ናቸው። ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የታሰረ ፍየል፣ ልጆች። ወደ ላይ የምንሄደው እኛ ብቻ ነበርን ማለት ይቻላል። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፤ ሦስተኛውን የተጫነ አይሱዙ እንዳሳለፈ ዘጋው። እኔ ተረጋግቼ መቀመጥ አልችልም፤ እግሬን ሳወዛውዝ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ጉልበቴን በእጃቸው ያዝ አደረጉት፣ ሳይቆጡ።

ኬላ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። ሽርጥ የታጠቀ፣ ክላሽ ያነገተ ጎልማሳ ሚሊሻ ከበርጩማው ተነስቶ መጣ። የሌላውን ሰው ዕቃ እንዲሁ ነካ ነካ አድርጎ አለፈ። የኔን ቦርሳ ሲከፍት ገመድ፣ መፍቻ፣ ላፕቶፕ። ፊቱ ተለወጠ። ውረጂ አለኝ፣ ወረድኩ። ክፈችው አለኝ፣ ከፈትኩት።

የኔ ላፕቶፕ ሲበራ እንደ ሌላው ሰው የሚያምር ሥዕል አያሳይም። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወርዳል፣ ብዙ መስመር፣ በፍጥነት። እንዲያ አድርጌ ያስተካከልኩት እኔው ነኝ፣ ስለሚያምረኝ። በዛች ደቂቃ ግን ያስተካከልኩበትን ቀን ረገምኩ። ሚሊሻው ክላሹን ከትከሻው አወረደው። አላነጣጠረብኝም፣ ማውረዱ ግን በቂ ነበር።

«ይሄ ለማን ነው የሚላከው?»

ለማንም አይላክም አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ኮምፒውተር ሲነሳ ውስጡ ብዙ ሠራተኞች እንዳሉት፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ እንደሚነሳ፣ ይሄ ጽሑፍ የስም ጥሪ እንደሆነ ነገርኩት። የተነሳው «ተነሳሁ» ይላል፣ ያልተነሳው በቀይ ይጻፋል።

አጎንብሶ አየ። ማንበብ መቻሉን እንጃ፣ ቀይዋን መስመር ግን በጣቱ ነካት።

«ማን ቀረ?»

«ኔትወርክ።»

«እሱማ እኛም ጋ ከቀረ ሰነበተ» አለ።

ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሳቁ። እኔ ሳልስቅ ላፕቶፑን ለመክደን ስሞክር ጣቴን ቀረቀርኩት። ሚሊሻው ቦርሳዬን ራሱ አንስቶ ሰጠኝና፣ ስመለስ ሁሉም መሟላታቸውን እንዳሳየው አዘዘኝ። ገመዱ ወረደ። ቀሪውን መንገድ ጣቴን እየጠባሁ ሄድኩ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ጤና ጣቢያው

ዝናብ ይዘንባል። ብርቄ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈጣን፣ ጮክ ብላ የምታወራ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነው ያናገረችኝ። ካርድ ክፍል አስገባችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዕቃ አለ። ሰርቨሩ፣ ማለት ትልቁ ኮምፒውተር። ስዊቹ፣ ገመዶቹን የሚያገናኘው መብራቱ የሚርገበገብ ጠፍጣፋ ሳጥን። ሦስተኛው ዲስኩ ነው፣ የአንድ ዳቦ ያህል ሳጥን። የሕሙማኑ መዝገብ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩ በስዊቹ በኩል እየሄደ ከዲስኩ ያነባል። መምህሩ እንዲህ ያደረገው ክፉ ቀን ቢመጣ ዲስኩ ብቻ ተነጥሎ እንዲወጣ ብሎ ነው።

የካርዱን ፕሮግራም ከፈተችልኝ። ከሦስት ሺህ የሚበልጥ ስም የነበረበት መዝገብ ላይ ዘጠኝ ስም ብቻ አለ፣ ዘጠኙም ብርቄ በዚህ ሳምንት ያስገባቻቸው ናቸው። አክስቴን ፈለግኳት። የለችም። ስሟን እንደገና ጻፍኩ፣ በሌላ ፊደል ሞከርኩ። የለችም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ምን ቀየራችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ምንም አለች ብርቄ። ዘበኛው ጋሽ ይማም በር ላይ ቆመው ነበር፣ እሳቸውም ምንም አሉ። የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ደሳለኝ አንገቱን አስገብቶ «ምንም አልነካንም» ብሎ ወጣ። ሦስቱም በአንድ አፍ፣ ሦስቱም መሬት እያዩ። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ይዞ «ምንም አልነካሁትም» የሚል ሰው በየቀኑ አያለሁ። ያኔ ግን ፈርቼ ስለነበር ልብ አላልኩም።

ሰርቨሩ የራሱን ውሎ የሚጽፍበት መዝገብ አለ። እሱን አወጣሁ። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሰርቨሩ የበራው ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ኔትወርኩን ፈለገ፣ የለም። ዲስኩን ፈለገ፣ የለም። የካርዱ ፕሮግራም ዲስኩ ይኑር አይኑር ሳይጠይቅ ተነሳ፤ የተለመደው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው አዲስ ባዶ መዝገብ ከፍቶ «ዝግጁ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ዲስኩ የተገኘው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ግን በባዶው መዝገብ ላይ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል፣ ዞር ብሎም አላየውም።

ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት። ሁሉም ስም ተመለሰ። ፋጡማ ሙሄ፣ ኢንሱሊን ጠዋት ሃያ አራት፣ ማታ አስራ ሁለት። ብርቄ እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፋሁ፣ እውነቱን ልናገር። አስተካከልኩት ብዬ አሰብኩ።

ዝርዝሩን ለማተም ስንል ማተሚያው አልነሳም። መብራት ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው፤ የጤና ጣቢያው ኃይል ከጣሪያ ሶላር ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ጥቁር። ቢያንስ ቅጂ ልያዝ ብዬ ፍላሼን ስሰካ ባትሪው ጮኸ፣ ከዛ ክፍሉ ጨለመ። ያን ሁሉ ጊዜ ደረቴን ስነፋ ቅጂ አለመውሰዴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ብርቄ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ አለችኝ። ስወጣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ኔትወርክ ለመነሳት ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል። ከአስራ ሁለት ከአርባ እስከ ሁለት ሰዓት ከሩብ ምን ሲያደርግ ቆየ? ተመልሼ ጠየቅኳት። «አንቺ ልጅ፣ ይምሽብሽ? ሂጂ» አለችና በሩን ቆለፈች።

ረቡዕ፣ መግሪብ ላይ፣ አክስቴ ቤት

አክስቴ ዓሣውን አይታ እናቴን ሰደበች፤ አምስት ዓሣ ለአንድ አሮጊት ምን ሊሆን ነው፣ ልታሰባኝ ነው አለች። ብልቃጧን ያስቀመጠችው እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነው፣ እንዳይሞቅባት። ማሰሮውን ከፍታ አሳየችኝ። ከታች ጭላጭ አለ።

ጎረቤቶቿ ዕቃ እየጫኑ ነበር። እንሂድ፣ ሐይቅ እንውረድ አልኳት። እንቢ አለች። ባለፈው ሸሽታ መንገድ ላይ ግማሹ መድኃኒቷ በሙቀት እንደተበላሸባት፣ ቤቷ ብትቀመጥ ኖሮ ጣቶቿ ከሷ ጋር እንደሚሆኑ ነገረችኝ። ከዛ እንደ ቀልድ እግሯን ዘርግታ «ሁለቱን ሰጥቻለሁ። ሦስተኛ ከፈለጉ ራሳቸው መጥተው ይቁረጡ» አለችኝ።

ስትሰግድ ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ። ነጎድጓድ ይሆናል፣ ክረምት ነው። አክስቴ ከሱጁድ ቀና ስትል ፊቷን አየሁት፣ እሷም እንደኔ እየቆጠረች ነበር። ነጎድጓድ አንድ ጊዜ ነው። ይሄኛው ሦስት ጊዜ ተደጋገመ።

ሐሙስ፣ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሁለት ሰዓት እስኪሆን መጠበቅ አልቻልኩም። ጤና ጣቢያው ስደርስ ጋሽ ይማም ካርድ ክፍሉን ከፍተው ሰርቨሩን እያበሩ ነው። ሰላም ሳልላቸው ጠረጴዛውን አየሁ። ስዊቹ የለም። ዲስኩ የለም። ገመዶቹ ጫፋቸው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

ተዘረፍን ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ይማም ግን አልደነገጡም። የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጭነው ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ እጃቸውን ወደ መሬት አድርገው ቀስ በይ ዓይነት አሳዩኝ። ፊታቸው የተዘረፈ ሰው ፊት አልነበረም።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብርቄ ጎመን የሞላ ዘንቢል ይዛ መጣች። እዛ መቆሜን ስታይ ቀጥ አለች። ከዛ በሩን ዘግታ ጎመኑን አነሳች። ከሥሩ ስዊቹ።

ያኔ ነው የነገሩኝ። ወሬው ከተሰማ ጀምሮ፣ አንድ ሳምንት ሆኖታል፣ ማታ ማታ ዕቃውን ይከፋፈሉታል። በመጀመሪያው ዙር የጤና ጣቢያው ዕቃ ሁሉ በአንድ ክፍል ስለነበር በአንድ ጋሪ ተጭኖ ሄደ። እህልም ቢሆን በአንድ ጎተራ አይቀመጥም፤ ከፊሉ ጉድጓድ፣ ከፊሉ ዘመድ ቤት ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ጋሽ ይማም ቤት፣ ስዊቹ ብርቄ ቤት፣ ዲስኩ ደሳለኝ ቤት ያድራል። ለማንም ላይናገሩ ጋሽ ይማም ቁርአን፣ ሁለቱ ደግሞ መስቀል ይዘው ተማምለዋል። ለዚህ ነው «ምንም አልነካንም» ያሉኝ።

ጋሽ ይማም ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ገና በንጋት ቀድመው ይመጣሉ፤ መጥተው ማሽኑን እስኪሞቅ ብለው ያበሩታል። ትጋታቸው ነው። ብርቄ ልጇን አስቀምጣ ትደርሳለች። ደሳለኝ ከሁሉም ሩቅ ነው፣ መጨረሻ ይመጣል። መዝገቡ ባዶ ሲሆን እያንዳንዱ የሌላኛውን ዕቃ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ፣ ጓደኛውንም ላለማሳፈር ዝም አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ።

ልቆጣ ነበር፣ አልቻልኩም። የሚሊሻው ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ደወለ። ማን ቀረ?

«ደሳለኝ የት ነው?» አልኩ።

ብርቄ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስልክ ብንሞክር ኔትወርክ የለም። ጋሽ ይማም አጥሩ ጋ ቆመው መንገዱን ሲያዩ የደሳለኝ ጎረቤት በዛ አለፈ፣ ጠየቁት። ደሳለኝ ከነቤተሰቡ መናኸሪያ ነው፣ ወደ ደሴ ሊወጡ ነው አለ። ሠላሳ አንድ ሰው በሕይወት የሚኖርበት ዝርዝር አብሮ ወደ ደሴ ሊወጣ ነው።

መናኸሪያ

ባጃጁ ውስጥ እያለሁ ቁርአን ቀራሁ፤ በሕይወቴ በዛ ፍጥነት ቀርቼ አላውቅም። መናኸሪያው በሰው ተጥለቅልቋል። ሰው በሰው ላይ፣ ዶሮ በሰው ላይ። ደሳለኝን ያገኘሁት አይሱዙ ላይ ነው፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ እሱ አንድ እግሩ ጎማው ላይ ነው። ብብቱ ሥር በልጅ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ። የአንድ ዳቦ ያህል።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ዲስኩን ይስጡኝ።»

አላወቅኩሽም ዓይነት አየኝ። ለማንም ላይሰጥ መማሉን፣ ደሴ አድርሶ ለሚመለከተው እንደሚያስረክብ፣ ማታ ለብርቄ ሊነግር ሄዶ በሯ ዝግ እንደነበር አከታትሎ ተናገረ። ሰርቆ እየሄደ አልነበረም። እያዳነው መስሎት ነው። ያ ነው የባሰ ያስፈራኝ፤ ሌባ ቢሆን እጮህበት ነበር።

«ዲስኩ ደሴ ሲደርስ የመድኃኒቱ መኪና ከዚህ ተመልሷል» አልኩት። «አክስቴ አምስት ቀን ነው ያላት።»

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ጥቅሉን ያዝኩት፣ እሱም አልለቀቀም። ሁለታችንም አንድ ብርድ ልብስ ይዘን ቆምን። ከላይ ሚስቱ «ስጣት አቦ» አለችው። «ልጆቹን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ሳጥን ይዘህ ትቀራለህ።»

ለቀቀ። አይሱዙው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዘሎ ወጣ፤ ከላይ ሆኖ ጮክ ብሎ አንድ ነገር ነገረኝ፣ ከሁካታው መሀል እያንዳንዷን ቃል ሰምቻታለሁ። «ፋጡማ ሙሄ፣ ጠዋት ሃያ አራት፣ ማታ አስራ ሁለት!» የሠላሳ አንዱንም መጠን በቃሉ ያውቅ እንደነበር ብርቄ ኋላ ነገረችኝ።

ሦስት ሰዓት

ጤና ጣቢያው ስደርስ የመድኃኒቱ መኪና ቆሟል፣ ሞተሩ አልጠፋም። ሾፌሩ ከበር አልራቀም። ጋሽ ይማም ሁለት እጁን ይዘውታል።

ጋሽ ይማም ያበሩትን ሰርቨር አጥፍቼ መጀመሪያ ስዊቹን አበራሁ። መብራቶቹ እስኪረጉ ጠበቅኩ። ከዛ ዲስኩን። ትናንት ኃይል በድንገት ስለጠፋበት ራሱን መመርመር ጀመረ፤ ብርቱካናማ መብራት፣ ቀስ ያለ ጉርምርምታ። ይሄ ምርመራ ከተቋረጠ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ካልተቋረጠ መኪናው ይሄዳል። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት፣ ምንም እንዳልነካ።

በመስኮት የጋሽ ይማም ድምፅ ይሰማኛል። ሾፌሩን ሰላም እያሉት ነው። የወሎ ሰላምታ በደንብ ከተያዘ ማለቂያ የለውም፤ እሳቸውም ያውቁበታል። ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ የደሴ ገበያ፣ የእናትህ ጉልበት እንዴት ሰነበተ። ሾፌሩ እናቱ ጉልበቷን አሟት እንደማያውቅ ሲናገር ጋሽ ይማም አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ አባቱ ጉልበት አለፉ። ሽማግሌ እጅህን ይዞ ዱዓ እያደረገልህ ጥለህ አትሄድም።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሰርቨሩን ተጫንኩት። ነጭ ጽሑፍ ወረደ። ኔትወርክ፣ ተነሳ። ዲስክ፣ ተገኘ። ካርድ፣ ተነሳ። አንድም ቀይ የለም። ሶላሩ ጠዋት ያጠራቀመው ለሁለት ገጽ በቃ። አክስቴ ከላይ አስራ ሰባተኛ መስመር ላይ ነበረች። ብርቄ ማኅተሙን ስትመታ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ሁለት ጊዜ ስለመታችው።

መኪናው እንደሄደ የቀረውን ሠራሁ። የካርዱ ፕሮግራም ዲስኩ መኖሩን ሳያረጋግጥ እንዳይነሳ፣ ዲስኩም ኔትወርኩን ሳያገኝ እንዳይፈለግ ቅደም ተከተሉን ጻፍኩለት። ከዛ ሆን ብዬ ስዊቹን ነቅዬ ሰርቨሩን አበራሁት። ባዶ መዝገብ አልከፈተም። በአማርኛ የጻፍኩለትን አወጣ፦ «ዲስኩ አልደረሰም። መዝገብ አልከፍትም።» ብርቄ አንድ ኮምፒውተር እንቢ ሲል እንደዛ ደስ ሲላት አይቼ አላውቅም። በባዶው ላይ የገቡትን ዘጠኝ ስሞችም አውጥቼ ወደ ዋናው አዛወርኩ። ሁለት ቅጂ ወሰድን። አንዱ ብርቄ ጋ ነው፤ ሌላውን የት እንዳኖርነው አልጽፍም። የዕቃዎቹንም ማደሪያ ያኔውኑ ቀይረዋል። ጋሽ ይማም ሦስቱም ዕቃዎች ሳይሰበሰቡ ማብሪያውን ላይነኩ ቃል ገቡ፤ ነገሩ ሲገባቸው ግን «ለካ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ መመለስ

አክስቴ አዲሶቹን ብልቃጦች አሸዋው ውስጥ ስትቀብር አይቼ ተነሳሁ። የሁለት ወር ነው። እንሂድ ብዬ እንደገና ለመንኳት፣ እንደገና እንቢ አለች። ሳመችኝና ባዶውን የዓሣ ፌስታል አጣጥፋ ለእናትሽ መልሺላት አለችኝ።

ወደ ታች የሚሄደው ሚኒባስ ሦስት መቶ ብር አስከፈለኝ፣ ቆሜ። መንገዱ በእግረኛ ሞልቷል። ኬላው ጋ ስንቃረብ ላፕቶፔን ከቦርሳ አውጥቼ ያዝኩት። አስቀድሜ አብርቼው ነበር፣ ያን ሰውዬ ላሳየው። ፍርሃቴ እንኳ ትንሽ ለቆኝ ነበር፣ ምን እንደምለው አስቤያለሁ።

ገመዱ መሬት ላይ ወድቋል። በርጩማው አለ፣ ሰው የለበትም። ሾፌሩ ሳይቆም አለፈ። ረዳቱ፣ ሚሊሻዎቹ ማለዳ በአይሱዙ ወደ ላይ ተጭነው ሄዱ አለ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ላፕቶፑን ከደንኩት። ሐይቁ በስተግራ ሲገለጥ ፀሐይ ወጥቶበት ነበር፤ ሁለት ታንኳ መሀል ላይ ይታያሉ።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ናት። ምናልባት ከትናንት ጀምሮ አልገባችም። «ሁሉ ደህና ነው?» አለችኝ። አፌ ላይ ደህና የምትለዋ ቃል ደርሳ ነበር፤ እኛ ሰፈር ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለም። ያ ፕሮግራም ባዶ መዝገብ ከፍቶ «ዝግጁ ነኝ» ሲል፣ ሦስቱ ሰዎች መሬት እያዩ «ምንም አልነካንም» ሲሉ ትዝ አለኝ። በዛ ሳምንት ያየሁት አስፈሪ ነገር መድፉ አልነበረም። ሳይሟላ ተሟላ ማለት ነበር።

ፌስታሉን ሰጠኋትና ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። የቀሩትን ነገርኳት። አክስቴ መድኃኒቷን ይዛ ቤቷ እንደቀረች፣ ደሳለኝ አይሱዙ ላይ እንዳለና ደሴ ይድረስ አይድረስ እንደማላውቅ፣ ስሙን ያልጠየቅኩት አንድ ሚሊሻ ወደ ላይ እንደሄደ። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ስለ ዓሣ አላወራችም። ከዛ አጠገቤ ተቀምጣ ረቡዕ ጠዋት ልትመርቀው ያልቻለችውን ምርቃት ጀመረች፣ የነገርኳትን እያንዳንዱን ሰው በየተራ እየጠራች።